ከቀዳዳው እስከ ጠርዙ

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)




 ከዚህ ስፍራ ላይ ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ ሕግና ስለ አገር ዕድገት ብዙ ታላላቅ ነገሮች ሲነገሩ ሰምተናል። እኔ ዛሬ ማታ ይዤ የቀረብሁት ነገር ግን ርዝመቱ ከስድስት ሚሊሜትር እምብዛም የማይበልጥ ነው። ይኸውም አይሮፕላን በሚሠራበት ላሜራ ላይ፣ ከተበሳው ቀዳዳ መሐል አንሥቶ እስከ ላሜራው ጫፍ ድረስ ያለው ርቀት ነው። ለንግግራችን እንዲመች የጠርዝ ርቀት እንበለው።

«ይህ የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ ለሕግ ተማሪ ወይም ለታሪክ ተማሪ ምን ይረባዋል?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። እስከ መጨረሻው ቢታገሠኝ ግን ይህች ትንሽ ርቀት ስለ ብረት ብቻ ሳይሆን ስለ ሰው ሥራም የምትናገረው ነገር እንዳላት ያያል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ዓመት በምጠቅስበት ጊዜ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።

በቤት ስለሚሠራ አይሮፕላን

በብዙ አገሮች፣ ይልቁንም በአሜሪካ፣ አይሮፕላንን ከፋብሪካ በመግዛት ፈንታ በገዛ ቤታቸው ጓሮ ወይም በመኪና ማሳደሪያቸው ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። በ1953 ፖል ፖበሬዝኒ የተባለ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በሚልዎኪ ከተማ የእነዚህን ሰዎች ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩም ዛሬ በየዓመቱ በኦሽኮሽ ከተማ ታላቅ የአይሮፕላን ስብሰባ ያደርጋል። በ1973 ደግሞ ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን የተባለ መሐንዲስ ንድፉንና ክፍሎቹን እያሰናዳ ለሠሪዎች የሚሸጥ ድርጅት መሠረተ። በእርሱ ንድፍ በየሰው ቤት ተሠርተው የበረሩት አይሮፕላኖች ዛሬ ከ10,000 በላይ ሆነዋል። በእጅ የተሠራ አይሮፕላን ለእኛም አገር ፍጹም እንግዳ አይደለም። በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር በአዲስ አበባ የሠራት «ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን በወረራው ጊዜ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ ኖራ በ2024 ለአገሯ ተመልሳለች።

የአሜሪካ ሕግ በቤት የሚሠራውን አይሮፕላን የሚፈቅደው የሥራውን ዋና ክፍል ሠሪው ራሱ፣ ለትምህርቱ ወይም ለመዝናኛው ሲል ከሠራው ነው። በአይሮፕላኑም ውስጥ፣ ይህ አይሮፕላን የፋብሪካ አይሮፕላን የሚጠየቀውን ደንብ እንዳላሟላ ለተሳፋሪው የሚነግር ጽሑፍ ይለጠፋል። መርማሪ መጥቶ ያያል፤ ነገር ግን መርማሪው በአንድ ቀን ጉብኝት እያንዳንዱን ቀዳዳ ሊለካ አይችልም። በመሠረቱ ሠሪው ራሱ ሠራተኛ፣ ራሱ አለቃ፣ ራሱ ተቆጣጣሪ ነው። ከዚህም በላይ መጀመሪያ የሚያበረው ብዙውን ጊዜ ራሱ ነው።

ከእነዚህ አይሮፕላኖች ብዙዎቹ የሚገጣጠሙት በሪቬት ነው። ሪቬት ማለት ባንድ በኩል ራስ ያለው አጭር የብረት ዘንግ ነው። በሁለት ላሜራዎች ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል፤ ጭራው በመዶሻ ወይም በማተሚያ ይደፈጠጥና ሁለቱን ላሜራዎች አንድ ያደርጋል። እንደ ቡሎን ዳዶ የለውም፤ አንዴ ከገባ መፍቻው እንደገና በትራፓኖ መብሳት ነው። ሁለት ሰው የሚይዝ አንድ የላሜራ አይሮፕላን ከአሥር ሺህ በላይ ሪቬት ሊፈጅ ይችላል። እያንዳንዱ ሪቬት ቀዳዳ አለው፤ እያንዳንዱም ቀዳዳ ከአንድ ጠርዝ የሆነ ርቀት አለው።

ወረቀቱ የሚያስተምረን

አሁን በእጄ ላይ ሁለት የወረቀት ቁራጮች ይታዩአችኋል። ሁለቱም የተቆረጡት ከአንድ ወረቀት ነው። በአንደኛው ላይ ቀዳዳውን ከጠርዙ አጠገብ፣ በሁለተኛው ላይ ደግሞ ራቅ አድርጌ በስቻለሁ። በቀዳዳዎቹ እርሳስ አሳልፌ ወደ ጠርዙ በኩል ስስብ የመጀመሪያው እንዳያችሁት ወዲያው ተቀደደ። ሁለተኛው ግን እየጎተትሁት ይዟል። የወረቀቱ ጥንካሬ አልተለወጠም፤ እርሳሱም ያው እርሳስ ነው። የተለወጠው የቀዳዳው ስፍራ ብቻ ነው።

ይህን ነገር አያቶቻችን ያለ ስሌት ያውቁት ነበር። ቆዳ የሚሠራ ሰው ወስፌውን ከጠፍሩ ጫፍ ላይ አይወጋም። ልብስ ሰፊም የቁልፉን ቀዳዳ ከጨርቁ ጠርዝ ላይ አይከፍትም። መሐንዲሱ ከእነርሱ የሚለየው «ምን ያህል ይራቅ?» ብሎ በቁጥር በመጠየቁ ነው።

መልሱን ከመስጠቴ በፊት ባለ ሪቬት መገጣጠሚያ በምን በምን መንገድ ሊበላሽ እንደሚችል እንመልከት። መንገዶቹ አራት ናቸው።

አንደኛ፤ ሁለቱ ላሜራዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሳቡ ሪቬቱ በመቀስ እንደ ተያዘ ነገር ለሁለት ይቆረጣል።

ሁለተኛ፤ ሪቬቱ ይጸናና የቀዳዳውን ግድግዳ ይጨፈልቀዋል፤ ክብ የነበረው ቀዳዳ እንደ እንቁላል ይሞላልላል።

ሦስተኛ፤ ቀዳዳዎቹ በተደረደሩበት መስመር ላይ ላሜራው ራሱ፣ ልክ እንደ ቴምብር፣ ይበጠሳል።

አራተኛ፤ ከቀዳዳው ፊት ለፊት ያለው ብረት በግራና በቀኝ በሁለት መስመር ተቀዶ ሪቬቱ በጠርዙ በኩል ይወጣል። በወረቀቱ ላይ ያየነው ይህን አራተኛውን ነው።

ልብ በሉ፤ ማንኛውም ነገር ከመጠን በላይ ከተጫነበት ይሰበራል። የመሐንዲሱ ብልሃት የማይሰበር ነገር መሥራት ሳይሆን የትኛው አስቀድሞ እንደሚሸነፍ መምረጥ ነው። ሪቬቱ ሲላላ ወይም ቀዳዳው ሲሞላለል ሸክሙ ወደ ጎረቤት ሪቬቶች ይተላለፋል፤ በሪቬቱም ራስ ዙሪያ ጥቁር ዱቄት የመሰለ ምልክት ይታያል። መካኒኮች ይህን ሲያዩ «ሪቬቱ ያጨሳል» ይላሉ፤ ጊዜ ሳለም ይለውጡታል። ጠርዙ ሲቀደድ ግን በቀዳዳው ፊት የሚይዝ ብረት አይቀርም፤ አዲስ ሪቬት ቢያስገቡም የሚነክሰው የለውም። እንግዲህ የጠርዝ ርቀት ደንብ የተሠራው አራተኛው መንገድ ቀዳሚ እንዳይሆን ነው።

ቁጥሩ

በአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት የጥገና መጻሕፍት የተጻፈው ደንብ አጭር ነው። ከቀዳዳው መሐል እስከ ላሜራው ጠርዝ ያለው ርቀት ከሪቬቱ ዲያሜትር ከሁለት እጥፍ ማነስ የለበትም። ራሱ ከላሜራው ጋር ተካክሎ በሚቀመጠው፣ ማለትም ለአየሩ እንቅፋት እንዳይሆን በጎድጓዳ ስፍራ በሚገባው ሪቬት፣ ከሁለት ተኩል እጥፍ ማነስ የለበትም። ከአራት እጥፍ መብለጥም አይገባውም፤ ጠርዙ ከሪቬቱ እጅግ ከራቀ ጫፉ ይነሣልና። በአንድ ረድፍ ባሉት ሪቬቶች መካከል ደግሞ ቢያንስ ሦስት ዲያሜትር ሊኖር ይገባል።

ርቀቱ የሚለካው ከቀዳዳው መሐል እንጂ ከቀዳዳው ከንፈር እንዳልሆነ ደግሜ እናገራለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ከዚህም አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይከተላል። ርቀቱ ሁለት ዲያሜትር ሲሆን ከቀዳዳው ከንፈር እስከ ጠርዙ የሚቀረው ብረት አንድ ተኩል ዲያሜትር ነው። ርቀቱ አንድ ተኩል ሲሆን የሚቀረው አንድ ነው። ርቀቱ አንድ ሲሆን የሚቀረው ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ የጠርዙ ርቀት በግማሽ ሲቀነስ የሚይዘው ብረት በግማሽ አይቀነስም፤ ወደ ሲሶ ይወርዳል።

ይህን በኪሎ እናስላው። ለአይሮፕላን የሚሆን፣ ውፍረቱ 0.8 ሚሊሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ላሜራ እንውሰድ፤ የብረቱ ዓይነት 2024 ቲ3 የሚባለው ነው። ሪቬቱ የአንድ ኢንች አንድ ስምንተኛ ይሁን፤ ለእርሱ የሚበሳው ቀዳዳ 3.26 ሚሊሜትር ነው። የሪቬቱ ብረት ለመቆረጥ በካሬ ሚሊሜትር ወደ 21 ኪሎ ግድም ይፈልጋል፤ ስለዚህ አንዱ ሪቬት ወደ 175 ኪሎ ያህል ይችላል። ላሜራው ደግሞ በዚያው ዓይነት ለመቀደድ በካሬ ሚሊሜትር 27 ኪሎ ግድም ይፈልጋል። የሚቀደደው በሁለት መስመር ስለሆነ የሁለቱን መስመሮች ርዝመት በውፍረቱ አባዝተን እንደገና በ27 እናባዛለን። በዚህ ቀላል ስሌት መሠረት፤

የጠርዙ ርቀት ሁለት ዲያሜትር ሲሆን ጠርዙ 211 ኪሎ ይችላል፤
አንድ ተኩል ሲሆን 141 ኪሎ ይችላል፤
አንድ ሲሆን 70 ኪሎ ብቻ ይችላል።

እነዚህን ቁጥሮች ከሪቬቱ 175 ኪሎ ጋር አስተያዩአቸው። በሁለት ዲያሜትር ላይ ጠርዙ ከሪቬቱ ይበልጣል፤ የሚሸነፈው ሪቬቱ ነው። በአንድ ተኩል ላይ ግን ተራው ተገለበጠ። በአንድ ዲያሜትር ላይ ደግሞ ሪቬቱ ከሚችለው ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ጠርዙ ይሄዳል። የደንቡ «ሁለት» እንግዲህ አንድ የቢሮ ሰው እንዲያው የጻፈው ቁጥር አይደለም።

በላቦራቶሪ የተፈተኑት የብረት ሠንጠረዦችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። በእነርሱ ላይ የቀዳዳው ግድግዳ የመሸከም ኃይል በሁለት የጠርዝ ርቀቶች ተለይቶ ተጽፏል፤ አንዱ በ1.5 ዲያሜትር፣ ሁለተኛው በ2 ዲያሜትር ነው። ርቀቱ ከ2 ወደ 1.5 ሲወርድ ኃይሉ፣ እንደ ብረቱ ዓይነት፣ ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ይቀነሳል። ንድፍ አውጪው በ2 አስልቶ የሰጠውን ክፍል ሠሪው በ1.5 ከበሳው በወረቀቱ ላይ ያለው ስሌት ሌላ፣ በእጁ ያለው አይሮፕላን ሌላ ሆነ ማለት ነው።

ጉድለቱ እንዴት ይመጣል?

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ስለ ምን ጠርዝ አጠገብ ይበሳል? በስንፍና ብቻ አይደለም። የቤት አይሮፕላን ሠሪዎች የሚያውቁአቸውን ሦስት ምክንያቶች ልጥቀስ።

የመጀመሪያው፤ የታችኛው ክፍል አይታይም። የክንፉ ልባስ በጎድን አጥንቶቹ ላይ ተዘርግቶ ሲበሳ፣ የጎድን አጥንቱ ጠባብ እጥፋት ከሥር ተሸፍኗል። ትራፓኖውን የያዘው ሰው ከላይ ያለው ቀዳዳ በትክክል በመስመሩ ላይ መዋሉን ያያል፤ ከሥር ግን ፑንታው ወደ እጥፋቱ ጠርዝ ተጠግቶ ሊሆን ይችላል። ሁለት ላሜራዎች አንድ ቀዳዳ ቢኖራቸውም ሁለት ጠርዝ አላቸው፤ ሁለቱም ሊለኩ ይገባል።

ሁለተኛው፤ መላወሻው ጠባብ ነው። ስፋቱ 16 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 1.6 ሚሊሜትር የሆነ እጥፋት እንበል፤ የእጥፋቱም የውስጥ ክብነት 3.2 ሚሊሜትር ይሁን። ቀዳዳው ከጠርዙ 6.35 ሚሊሜትር መራቅ አለበት። በሌላው በኩል ደግሞ የሪቬቱ ራስ በክብነቱ ላይ እንዳይወጣ ከእጥፋቱ ጀርባ 8 ሚሊሜትር መራቅ አለበት። ሁለቱን ደምራችሁ ከ16 ብትቀንሱ የሚተርፈው 1.65 ሚሊሜትር ነው። ይህም ማለት ከመሐሉ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ለመሳሳት የተፈቀደው 0.8 ሚሊሜትር ብቻ፣ የላሜራችንን ውፍረት የሚያህል ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ አታላዩ፤ ስሕተትን በትልቅ ሪቬት መሸፈን ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ወይም ሲጣመም ሠሪው ቀጥሎ ያለውን ትልቅ ሪቬት ያነሣል። የሪቬቱ ራስ ቀዳዳውን ይሸፍነዋል፤ ሥራውም ያማረ ይመስላል። ነገር ግን እናስላው። የአንድ ስምንተኛ ኢንች ሪቬት በ6.35 ሚሊሜትር ላይ በትክክል ሁለት ዲያሜትር ነበረው። በስፍራው 3.97 ሚሊሜትር የሆነው ትልቁ ሪቬት ሲገባ ያው 6.35 ሚሊሜትር ወደ 1.6 ዲያሜትር ወረደ። የሪቬቱ አቅም ግማሽ ያህል ጨምሮ ወደ 260 ኪሎ ሲወጣ፣ ቀዳዳው ስለ ሰፋ የጠርዙ አቅም ወደ 189 ኪሎ ወርዷል። አሁን የሚቀደደው ጠርዙ ነው። ሠሪው ያጠነከረ መስሎት ተራውን ገለበጠው። ትልቅ ሪቬት የሚፈቀደው ከገባም በኋላ ሁለቱ ዲያሜትር ካልጎደለ ብቻ ነው። ጥሩ ንድፍ አውጪዎች ከመጀመሪያው ሁለት ተኩል ዲያሜትር የሚተዉት ስለዚህ ነው። ሁለት ወለሉ እንጂ ግቡ አይደለም።

«በመካከሉ ሌላ ሪቬት ልጨምር» የሚለውም መፍትሔ አስተውሎ ካልሆነ ችግሩን ያብሳል። በሁለት ሪቬቶች መካከል 16 ሚሊሜትር ብቻ ካለ፣ በመሐል የሚበሳው አዲስ ቀዳዳ ከሁለቱም በ8 ሚሊሜትር ይርቃል። ይህም ከሦስት ዲያሜትር ያነሰ ነው። ለቀዳዳ ጎረቤቱ ያለው ቀዳዳም እንደ ጠርዝ ነው።

ከጠርዝ ርቀት የተጀመረ አንድ አደጋ

አሁን ከቤት አይሮፕላን ወጥቼ ስለ አንድ ትልቅ የመንገደኞች አይሮፕላን ልናገር። ምክንያቱም ያነሰ የጠርዝ ርቀት በተገኘ ጊዜ ምን መደረግ እንዳለበትና ምን ሊደረግ እንደማይገባው ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም።

ጁን 2 ቀን 1978 የጃፓን አየር መንገድ ቦይንግ 747 በኦሳካ ሲያርፍ ጅራቱ መሬቱን መታ። ከጅራቱ ውስጥ፣ የመንገደኞቹን ክፍል አየር የሚገድበው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ግድግዳ ተጎዳ። የአይሮፕላኑ ፋብሪካ ሰዎች መጥተው የግድግዳውን የታችኛውን ግማሽ በአዲስ ለወጡት። አዲሱ ግማሽ ከላይኛው ጋር ሲገጣጠም በአንድ ክፍል ላይ በሪቬት ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ያለው የጠርዝ ርቀት በጥገናው መጽሐፍ ከታዘዘው ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

እስከዚህ ድረስ ሥራው መልካም ነበር። ለኩ፤ ጉድለቱን አገኙ፤ አልሸፈኑትም። መሐንዲሶቹም ትክክለኛ መፍትሔ አዘዙ። ሁለቱን ግማሾች የሚያያይዝ አንድ ማገናኛ ላሜራ በመካከላቸው ገብቶ በሦስት ረድፍ ሪቬት እንዲያያዝ፣ ሸክሙም በሁለት ረድፍ እንዲተላለፍ ነበር ሐሳቡ። በሥራው ላይ ግን ማገናኛው አንድ ወጥ ሆኖ አልገባም፤ ለሁለት ተቆርጦ ገባ። ከውጭ ሲታይ ረድፎቹ ሁሉ በስፍራቸው ናቸው። ሸክሙን የሚያስተላልፈው ግን አንድ ረድፍ ብቻ ሆነ። ከተገጠመም በኋላ ጉድለቱን ከውጭ አይቶ መለየት አዳጋች ነበር።

አይሮፕላኑ በዚህ ሁኔታ ከ12,000 ጊዜ በላይ ተነሥቶ አረፈ። በእያንዳንዱ በረራ ግድግዳው በአየር ግፊት ይወጠርና ይረግባል፤ ስንጥቁም ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በጥቂት በጥቂቱ ይሄዳል። ይህ የብረት ድካም የሚባለው ነው። ኦገስት 12 ቀን 1985 ከቶክዮ ወደ ኦሳካ ሲበር ግድግዳው ፈነዳ፤ የወጣው አየር የጅራቱን ቋሚ ክንፍ ወሰደ፤ አራቱም የመሪ ዘይት መስመሮች ተቆረጡ። አብራሪዎቹ ለግማሽ ሰዓት ያህል በሞተሮቹ ኃይል ብቻ ከታገሉ በኋላ አይሮፕላኑ ከተራራ ላይ ወደቀ። ከ524 ሰዎች 520ው ሞቱ።

ይህን ታሪክ ሳነሣ «አንድ ቀዳዳ 520 ሰው ገደለ» ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ማለት እውነትን ማጣመም ነው። ያነሰው የጠርዝ ርቀት ማንንም አልገደለም፤ ታይቷል፣ መፍትሔም ተሰጥቶት ነበር። የገደለው በታዘዘውና በተሠራው መካከል የነበረው ልዩነት ነው። ሥራውን የሠራው እጅ ማገናኛው ስለ ምን አንድ ወጥ መሆን እንዳለበት የተረዳ አይመስልም። ደንቡን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የደንቡን ምክንያት ማወቅ ሌላ ነው። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው የደንቡን መልክ ጠብቆ ፍሬውን ሊያጠፋ ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አይሮፕላን ለሚሠራ ሰው ምክሩ ከመብሳት በፊትና ከመብሳት በኋላ ተብሎ ይከፈላል።

ከመብሳት በፊት፤ «አሥር ጊዜ ለካ፤ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለውን አባባል ለትራፓኖም ያውለው። በማይታየው እጥፋት ላይ ቀዳዳዎቹ እንዲያርፉበት የሚፈልገውን መስመር በቀጭን የቀለም ብዕር ያስምር። በሹል ብረት አይጫር፤ ጭረት የስንጥቅ መነሻ ነው። በእርሳስም አይጻፍ፤ የእርሳሱ ጥቁር አሉሚኒየምን እንዲዝግ ያደርገዋል። ከዚያ በላይኛው ላሜራ ላይ አስቀድመው በተበሱት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሻግሮ ይመልከት፤ ቀለሙ በእያንዳንዱ ቀዳዳ መሐል ከታየ ይብሳ። ካልታየ ትራፓኖውን ያስቀምጥ። ላሜራዎቹንም እንዳይንሸራተቱ በባለ ሞላ መያዣ ይያዛቸው። ከበሳ በኋላ የቀዳዳውን ከንፈር ከፍርፋሪ ያጽዳ፤ ሻካራ ከንፈር ለስንጥቅ በር ይከፍታልና።

ጉድለቱ ከደረሰ በኋላስ? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ የተበሳም ቀዳዳ አይደፈንም። ሪቬት ግን ገና አልገባም፤ ስለዚህ የሚበጀውን ለመምረጥ ጊዜ አለ። መጀመሪያ ርቀቱን በካሊብሮ ይለካ፤ ቁጥሩንም በሥራ መዝገቡ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ ክፍሉ ምን እንደሚሸከም ይጠይቅ። የወንበር ሥር መሸፈኛና የክንፍ ወጋግራ አንድ አይደሉም። ሦስተኛ ስሌቱን ለሚያውቅ ሰው፣ ከሁሉም በላይ ለንድፍ አውጪው ይጻፍለት። መልሱ አንዳንድ ጊዜ «ይበቃል፤ ቀጥል» የሚል ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ «ማጠናከሪያ ላሜራ ጨምር» ይላል። አንዳንድ ጊዜም «ጥለህ እንደገና ሥራ» ይላል። ይህ ሦስተኛው መልስ ያማል፤ የሁለት ሳምንት ሥራ ከቁራጭ ክምር ላይ ይጣላል። ነገር ግን ያ ክፍል በምድር ላይ ሳለ ዋጋው የላሜራ ዋጋ ብቻ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ከአሥር ሺህ ሪቬት አንዱ ቢጎድል ምን ይሆናል? መሐንዲሶች ሁልጊዜ ትርፍ ይጨምሩ የለም ወይ?» ይባላል። እውነት ነው፤ አንድ ደካማ ሪቬት በብዛት ካሉት መካከል አይሮፕላን አይጥልም። ሆኖም ሁለት ነገር ልብ ልንል ይገባል። አንደኛ፤ በአይሮፕላን ሥራ የተለመደው ትርፍ ይደርሳል ተብሎ ከሚታሰበው ከፍተኛ ሸክም አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ቢጨመር አይሮፕላኑ ከክብደቱ የተነሣ ከምድር ባልተነሣም ነበር። ይህ ትርፍ የተቀመጠው ላልታሰበ ነፋስና ላልታወቀ የብረት ጉድለት ነው። እያወቅን ለምንሠራው ጉድለት የተመደበ ትርፍ የለም። ሁለተኛ፤ የቀዳዳ ስሕተት ብቻውን አይመጣም። መስመሩ ሁለት ሚሊሜትር ከተጠጋ የሚጠጋው አንድ ቀዳዳ ሳይሆን በዚያ መስመር ላይ ያለው ሃያውም ቀዳዳ ነው። የሚረዳዱት ጎረቤቶች ሁሉ በአንድነት ደካሞች ሆኑ ማለት ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

ከእኛ መካከል አይሮፕላን የሚሠራ ምናልባት አንድ ሰው ይወጣ ይሆናል፤ ምናልባትም አንድም አይወጣ ይሆናል። ነገር ግን ሁላችንም ነገ የምንሠራው ሥራ ከብዙ ክፍሎች የሚገጣጠም ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን ለሚቀጥለው ተረኛ ያስረክባል። የሒሳብ ሹሙ የጻፈውን ሌላው አምኖ ይደምራል። በእያንዳንዱም ሥራ ላይ ልባሱ ከተዘጋ በኋላ ማንም የማያየው ቀዳዳ አለ። እዚያ ላይ ተቆጣጣሪ አይደርስም፤ የሚደርሰው የሠሪው ዕውቀትና የሠሪው ሐቀኝነት ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሌላው አይበቃም።

የቤት አይሮፕላን ሠሪው ግን ከእኛ አንድ ነገር ይሻላል። የሠራውን ነገር መጀመሪያ ተሳፍሮበት የሚወጣው ራሱ ስለሆነ ልባሱን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ጊዜ ደግሞ ይለካል። እኛ በምንሠራው ነገር ላይ የሚሳፈረው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ይህም ይበልጥ እንድንለካ ሊያደርገን ይገባል እንጂ ያነሰ እንድንለካ ሊያደርገን አይገባም።

ወረቀቶቹንና እርሳሱን እዚህ ጠረጴዛ ላይ እተዋቸዋለሁ። የነገርኋችሁን በራሱ እጅ ሊፈትን የሚወድ ይምጣና ይሞክር፤ ስሌቱን ለመመርመር የሚፈልግም ካለ ጥቁር ሰሌዳው አለ።